የምላጭ ሸረሪት

ሸረሪቷን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረው ሁሉ ሐሜት ይሆንብኛል።

በማተሚያ ቤታችን እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። እሷ ደግሞ ከእኔ ጠረጴዛ አሥር እርምጃ ርቃ በትልቁ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ላይ ትሠራለች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነበር። አጭር ናት፤ ድምጿም ዝቅ ያለ ነው። «ምላጭ» ያልናት ከማሽኗ የተነሣ እንዳይመስላችሁ፤ በአፏ ነው። ከኋላዋ እንዲያ እንደምንጠራት ባወቀች ጊዜ የፈረቃ ሰሌዳው ላይ የራሷን ስም ሰርዛ «ምላጭ» ብላ በትልቁ ጻፈችና ሁላችንንም አሳረፈችን።

ማሽኗ ሁለት ቁልፍ አለው። ሁለቱ በሁለት እጅ ካልተጫኑ ቢላው አይወርድም፤ እጅ ከቢላው ሥር እንዳይገኝ ነው። ሥራ ሲበዛ አለቃችን አንደኛውን ቁልፍ ተጭኖ እንዲቀር በፕላስተር አጣብቆት ነበር፤ አንድ እጅ ወረቀት ይግፋ፣ አንድ እጅ ይጫን ብሎ። ምላጭ ከዕረፍት ስትመለስ አየችው። ፕላስተሩን ላጠችና ሄዳ የአለቃው ደረት ላይ ለጠፈችው።

«ጣትህን ከጠላኸው እዚያው ቤትህ ቁረጠው» አለችው። «እኔ የእኔን እወደዋለሁ።»

ዓመት ሙሉ ሰላም አላላትም። እሷ ያን ልብ ያለችው አይመስለኝም።

ሸረሪቷ ደግሞ እኔ ቤት አራት ዓመት የኖረች ናት። የጌጥ ዓሣ ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛኋት። ታራንቱላ ከሚባሉት ትልልቅ ሸረሪቶች ወገን ስትሆን እግሯን ስትዘረጋ መዳፍ ታህላለች፤ መልኳ የዛገ ብረት ነው። ከታራንቱላ ወገን ቀርፋፋና ትዕግሥተኛ አለ ይላሉ። እሷ ከዚያኛው ወገን አይደለችም። ፈጣን ናት፣ ቁጡ ናት፣ ይቅርታ የሚባል ነገር አታውቅም። ሚስቴ ባረገዘች ጊዜ «ወይ እሷ ወይ እኔ» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በሻይ ሰዓት የሚወስዳት ሰው ሳፈላልግ ሁሉም ሳቀብኝ፤ ምላጭ ብቻ አልሳቀችም።

«ምን ትሠራለች?» አለችኝ።

«ምንም። ትቀመጣለች።»

«ትዳሰሳለች?»

«አትዳሰስም። ብትነኪያት ትነክስሻለች። አይገድልም ይላሉ፤ ሕመሙ ግን አልጋ ያሲዛል። ጡንቻሽ ለሳምንታት ሲኮማተር ይከርማል።»

«አንተንስ ታውቅሃለች?»

«ከየት መጥታ! ይኸው አራት ዓመቷ፣ ክዳኑን ባነሣሁ ቁጥር የፊት እግሮቿን ወደ ላይ ሰቅላ ጥርሷን ታሳየኛለች።»

ምላጭ ሻይዋን ጨለጠች። «ታዲያ ከዘመዶቼ በምን ትለያለች?» አለች።

ዘመድ ያለችው ወንድሟን ነው። አባታቸው የሞቱት ለሁለቱም አንድ ቤት ትተው ነው። ታላቅ ወንድሟ ከሚስቱ ጋር በፊተኞቹ ሁለት ክፍሎች ይኖራል፤ ምላጭ በኋለኞቹ። መሐል ላይ አንድ ኮሪደር፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ የውጭ በር። ሰውየው መኪና ማሽከርከር ያስተምራል፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ላይ ሲጮህ ውሎ ማታ የተረፈውን ለእህቱ ይዞላት ይገባል። እሱ ቤቱ ይሸጥ ይላል፤ እሷ ወይ ፍንክች። በዚህ የተነሣ ዓይንና ናጫ ከሆኑ አራት ዓመት አልፏቸዋል። በቀጥታ አይነጋገሩም። «ለዚያች ሴትዮ ንገሪያት» ይላል ለሚስቱ፣ ያቺ ሴትዮ አጠገቡ ቆማ።

ሁለት ቅዳሜ እሷ ቤት ሄጄ አያያዙን አስተማርኳት። እሷ እርሳስና ደብተር ይዛ ተቀመጠች። ሣጥኑ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ክዳኑ በሁለት በኩል በማያያዣ «ቀጭ» ብሎ ይቆለፋል፤ የአየር ቀዳዳዎቹ የክብሪት ጫፍ እንኳ አያሳልፉም። ውስጡ ስንዝር ሙሉ ደረቅ አፈር ሞላሁበትና የዛፍ ቅርፊት አጋደምኩላት፣ ቆፍራ እንድትገባ። መሸሸጊያ ያላት ሸረሪት ትሸሻለች፤ የሌላት ትዋጋለች። «ከመክፈትሽ በፊት የት እንዳለች በዓይንሽ እዪ፤ ካላየሻት አትክፈቺ» አልኳት። ሣጥኑ የሚከፈተው በትልቅ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ ካመለጠች የምታመልጠው ወደ ሳፋው እንዲሆን። በሩ ይዘጋል፤ ከሥሩ ፎጣ ይወተፋል። ብርጭቆና ጠንካራ ካርቶን አጠገብሽ ይሁን፤ ብትወጣ ብርጭቆውን ደፍተሽባት ካርቶኑን ከሥር ታሾልኪያለሽ። ትንፋሽሽ አይንካት፤ ንፋስ ያሳብዳታል። ፌንጣውን ሐሙስ ሐሙስ በረጅሙ ወረንጦ ስጫት፤ ካልበላችው በማግስቱ አውጪው። ውኃዋን አፉ ቀጭን በሆነ ጠርሙስ ከሩቅ። መብል እምቢ ካለችና መልኳ ከደበዘዘ ቆዳዋን ልትቀይር ነውና ተዪያት።

ይህን ሁሉ ጻፈች። መጨረሻ ላይ «ሰው ማስፈራሪያ ደግሞ አታድርጊያት» አልኳት።

እርሳሷ ቆመ። «ይሄኛው ለሸረሪቷ ነው ወይስ ለእኔ?»

«ለሁለታችሁም።»

አልጻፈችውም።

ሣጥኑን የምታስቀምጥበት ቁም ሣጥን ተንጠልጣይ ቁልፍ ነበረው፤ ጥሩ። ያቆመችበት ቦታ ግን ከኮሪደሩ በር አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። «እዚህ በር በተዘጋ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረት አትወድም፤ ወደዚያ ማዶ ይሻላል» ብላት «እዚሁ ይሁን» አለችኝ። ከግድግዳው ወዲያ የወንድሟ አልጋ ራስጌ እንዳለ የሰማሁት በኋላ ነው።

ሦስት ወር በሰላም አለፈ፤ ሸረሪቷን ማለቴ ነው። ምላጭ በየሐሙሱ ከሥራ ስትገባ ሳፋዋን ታወጣለች፣ በሯን ትዘጋለች፣ እጇን ሳትቸኩል ታንቀሳቅሳለች። በማግስቱ ትነግረኛለች። «ትናንት ወረንጦውን ነከሰችው፤ ጥርሷ ብረቱን ሲቧጥጥ ሰማሁት» ስትለኝ እናት ስለ ልጇ ትምህርት የምታወራ ይመስል ነበር። ስም አላወጣችላትም። «ስም የሚወጣው ሲጠሩት ለሚመጣ ነው» አለች።

ከዚያ አንድ ሐሙስ የወንድሟ ሚስት ልብስ ስታሰጣ ሸረሪቷ ስትበላ በመስኮት አየች። በዚያው ምሽት ግቢው ተገለበጠ። ሰውየው ጮኸ። አጎታቸው ተጠሩ፤ ሰማንያ የደፈኑ፣ በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም «ነገሩን ሳላይ አልፈርድም» ብለው ገቡ። ምላጭ ቁም ሣጥኑን ከፍታ በፕላስቲኩ በኩል አሳየቻቸው። ሸረሪቷ ጥላቸውን ባየች ጊዜ ተገተረች፤ አራት እግሯን ሰቅላ ጥርሷን ገልጣ ቀረች። አጎትየው ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ።

«ይቺስ ከኛው ቤት ናት» አሉ። «ቁርጥ እናንተን።»

«አጎቴ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም» አለ ወንድምየው። «ሚስቴ እንቅልፍ አጥታለች።»

«ቁልፍ አለው?» አሉ ወደ ምላጭ ዞረው።

«ሦስት ቦታ ይቆለፋል፣ አጎቴ።»

«ምላስሽስ?»

ምላጭ ቁም ሣጥኑን ዘግታ ቆለፈች።

ወንድምየው በአጎቱ አልተደሰተም። ሸረሪት ንዝረት እንደምትጠላ ከየት እንዳነበበ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ እንደገባ በመጥረጊያ እንጨት ግድግዳውን መደብደብ ያዘ። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። ሸረሪቷ የጉድጓዷን አፍ በድር ደፈነችው። ሦስት ሐሙስ ምግብ አልነካችም። ምላጭ በማሽኗ ላይ ሆና ከንፈሯን ስትነክስ አየኋት። «ሣጥኑን ወደ ማዶ አዙሪው» አልኳት። «እኔ በቤቴ ለምን እዞራለሁ?» አለችኝ።

በአራተኛው ሐሙስ ሰውየው መደብደብ ሲጀምር ሣጥኑን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ሸረሪቷ በዚያው ሰሞን ከጉድጓዷ ወጥታ ነበር። ምላጭ የወንድሟን በር በእግሯ መታች። ሲከፍት ሣጥኑን ፊቱ ላይ ደቀነችው። ሸረሪቷ ዘላ ፕላስቲኩን በጥርሷ መታች፤ «ጠቅ» የሚል ድምፅ፣ ከዓይኑ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ። ሰውየው ወደኋላ ሲያፈገፍግ በጫማ መደርደሪያው ላይ በቁመቱ ተዘረረ።

ሚስቱ ሳቀች። ፈልጋ አይደለም፤ አመለጣት። እኔ እስካሁን ድረስ ነገሩን ያበላሸችው ያቺ ሳቅ ናት እላለሁ። ሰው ከጠላቱ የመጣውን ውርደት ይችላል፤ የገዛ ሚስት ሳቅ ግን ጉሮሮ ውስጥ እንደተሰካ ዓሣ አጥንት ነው።

ምላጭ በማግስቱ እየሳቀች አወራችልኝ። እኔ አልሳቅሁም።

«ክዳኑ ተቆልፎ ነበር እኮ» አለች።

«ቁልፉ ሰዎቹን ከሸረሪቷ ይጠብቃል። ካንቺስ ማን ይጠብቃቸው?»

«አንተም ለእሱ ልትቆም ነው?»

«ለማንም አልቆምኩም። እንስሳዋን ዱላ አደረግሻት ነው የምልሽ።»

ከዚያ በኋላ ተኳረፍን።

በአሥረኛው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ማሽኑን አቁማ አነሣችው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «የት ነው ያለችው?» አለች፤ ከዚያ «ማንም እንዳይገባ» አለችና ዘጋችው። ኩርፊያችንን ረስታ ወደ እኔ መጣች። «ነክሳዋለች። አብረን እንሂድ» አለችኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሰውየው የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ሊሰብር አልሞከረም፤ የቁልፉን ማንጠልጠያ ብሎኖች በካቻቪቴ ፈታቸው። ሣጥኑም እጁ ገባ። እንደታሸገ አውጥቶ ቢጥላት ምንም ባልሆነ ነበር። እሱ ግን በሕይወት እንድትወጣ አልፈለገም። የበረሮ መድኃኒት ሊነፋባት ክዳኑን ከፈተ። ሳፋ የለ፣ ወረንጦ የለ፤ እጁ ሣጥኑ አፍ ላይ። ሮጠች እንኳ አይባልም፤ እዚያ ነበረች፣ ከዚያ እጁ ላይ ሆነች። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ላይ ነከሰችው። እጁን አራገፈ፤ የት እንደወደቀች አላየም። እየጮኸ ሲወጣ ሚስቱ በሩን ደርግማ ዘጋችው።

እኛ ስንደርስ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። ላብ በላብ ሆኗል። እጁ ቀልቶ አብጧል። ምላጭ ገብታ መጀመሪያ የተናገረችው ለሚስቱ ነው።

«በሩ መቼ ተዘጋ?»

«ሰው እየሞተ ስለ በር ትጠይቂኛለሽ?!»

«አይሞትም። በሩ መቼ ተዘጋ?»

«ወዲያው! ወዲያው ነው የዘጋሁት!»

ምላጭ ፎጣ አምጥታ ከበሩ ሥር ወተፈች። ከዚያ ነው ወደ ወንድሟ የዞረችው። ተንበርክካ እጁን ልትይዝ ስትል ሸሸ።

«እንዳትነኪኝ!»

«ቀለበትህን አውልቅ። ካበጠ በኋላ በመጋዝ ነው የሚያወጡልህ።»

«አንቺ እርኩስ!»

«እሺ፣ እርኩስ ነኝ። ቀለበቱን።»

በሳሙና እያንሸራተተች አወለቀችው። ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ከሕመሙ ነው፣ ከንዴቱም ነው። እኔ የሸረሪቷን ዓይነትና የተነከሰበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፌ ለሚስቱ ሰጠኋት፣ ለሐኪሙ እንድታሳይ። የመጣንበት ታክሲ እደጅ ቆሞ ነበር፤ ደግፈን አስገባናቸውና ሄዱ።

ሁለታችን ቀረን። በሩን ገርበብ አድርገን ገብተን መልሰን ወተፍነው። ምላጭ ባትሪ ይዛ ከማዕዘን ጀመረች። እያንዳንዱን ጨርቅ በወረንጦ አንሥታ ታራግፋለች፤ ከዚያ ወደ ሳፋው ትከታለች። አልጋውን አንሶላ በአንሶላ ገፈፍነው። መጋረጃ፣ የግድግዳ ስንጥቅ፣ የወንበር ሥር። አንድም ጊዜ እጇን ያላየችው ቦታ ውስጥ አልከተተችም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አልጋው ሥር ተንከባልሎ ከነበረው የካርቶን ቱቦ ውስጥ አገኘናት፤ ምላጭ የቀን መቁጠሪያ ጠቅልላ የምታስቀምጥበት ነው። ዓይኖቿ በባትሪው ብልጭ አሉ። እኔ አንዱን አፍ በካርቶን ደፈንኩ፤ እሷ በሌላው ላይ ብርጭቆ ገጠመች። እንደዚያው እንዳለች ቱቦውን ሣጥኑ ውስጥ አስገብተን ክዳኑን ዘጋን።

ክዳኑ «ቀጭ» ሲል ምላጭ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ታክሲው ውስጥ ሆኜ ምን ሳስብ እንደነበር ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ምን?»

«ረግጠዋት ይሆን እያልኩ። እሷን። ወንድሜን አይደለም።»

የሣጥኑን ማያያዣዎች እንደገና ፈተሽኩ።

«እንዲፈራኝ ፈልጌ ነበር» አለች። «ቁም ሣጥኑን እዚህ ያቆምኩት ሲተኛ እንዲያስባት ነው።»

ሰውየው ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ሦስት ሳምንት እጁና እግሩ እየተኮማተረ መሪ መያዝ አቃተው። ገና እጁ በፋሻ እንዳለ ለሰፈሩ አስተዳደር ቢሮ ክስ አቀረበ። ጉዳዩን የያዘችው ኃላፊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ የሰለቻት ሴት ነበረች። እኔም በምስክርነት ተጠርቼ ነበር።

«ክፍሉ የማን ነው?» አለች።

«የእሷ» አለ ወንድምየው።

«ቁም ሣጥኑስ?»

«የእሷ።»

«ብሎኑን የፈታው ማነው?»

ሰውየው ፋሻውን ተመለከተ። ኃላፊዋ ወደ ምላጭ ዞረች። «ከዚያ በፊት ኮሪደር ላይ ሣጥኑን ፊቱ ላይ ደቅነሽበታል ይላል። እውነት ነው?»

ያየች ሚስቱ ብቻ ናት። ሚስቱ ደግሞ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ነበር። ምላጭ ብትክድ የሚረታት አልነበረም።

«እውነት ነው» አለች። «አስፈራርቼዋለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።»

ኃላፊዋ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። ኮሪደሩ መሐል ለመሐል በግንብ ይዘጋ፣ ለኋለኛው ክፍል በጓሮ በኩል ሌላ በር ይውጣ፣ የሸረሪቷ ክፍል ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ ብላ ጻፈች።

«ይሄ ፍርድ ነው?» አለ ሰውየው።

«ፍርድ ከፈለጋችሁ ፍርድ ቤት ሂዱ። እኔ ያለኝ መፍትሔ ግንበኛ ነው።»

ግንበኛው በሁለት ቀን ጨረሰው። ሁለቱም በየበራቸው ቆመው ብሎኬቱ ሲደረደር እያዩ ነበር፤ እሱ ከዚያ፣ እሷ ከዚህ፣ ፊታቸው እስኪሸፈን ድረስ። ወጥ ቤቱ ለእሱ ደረሰው፤ ምላጭ ምድጃዋን መኝታ ክፍሏ ውስጥ ተከለች። ቁም ሣጥኑንም ያን ሰሞን ወደ ማዶ አዞረችው፤ አላስታወስኳትም፣ ራሷ ናት። ክፍሏ በር ላይ በጥቁር ቀለም «ትነክሳለች» ብላ ለጥፋለች። ሰዎች ስለ ማን እንደተጻፈ እየጠየቁ ይስቃሉ።

ዕርቅ አልመጣም። አጎትየው ሁለት ጊዜ ሞክረው በቃኝ አሉ። ወንድምየው ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ብርድ ሲሆን አውራ ጣቱ ይታሰርበታል አሉ። ሚስቱ አንዳንድ ሐሙስ በጓሮ ዞራ ትመጣና በራፉ ላይ ቆማ ሸረሪቷ ስትበላ በሩቅ ታያለች። ባሏ አያውቅም። ምላጭ «ግቢ» አላለቻትም፤ «ሂጂ»ም አላለቻትም፤ ፎጣውን ለመወተፍ ብቻ «ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ» ትላታለች።

ባለፈው ሳምንት የጠረዝኳቸውን መጻሕፍት ጠርዛቸውን እንድታስተካክልልኝ ተሸክሜ ሄድኩ። ሁለቱን ቁልፍ ተጭና ቢላው ከወረደ በኋላ፣ ሳታየኝ፣ «አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አገኘሁት» አለች።

«ማንን?»

«ሰውዬውን። እጅህ እንዴት ነው አልኩት።»

ከዚያ ከቀለበቱ ቀን በቀር በአምስት ዓመት ውስጥ ከአፏ ወደ እሱ በክፉ ሳይሆን የወጣ የመጀመሪያው ቃል ነው። «ምን አለሽ?» አልኳት።

«ምን አገባሽ አለኝ።»

«አንቺስ?»

የተቆረጠውን ጥራጊ ወረቀት በክንዷ ወደ ቅርጫቱ ጠረገች።

«ልክ ነህ አልኩት። አውቶቡሱ መጣ፤ እሱ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ።»